እሱ ገዳም ገባ፣ እኔ ጀልባው ጋ ቀረሁ

ከባሌ ጋር ባሕር ዳር የሄድነው በጥቅምት 2011 ነው። ስንጋባ ጫጉላ አልወጣንም። የሠርጉ ዕዳ ገና ከጫንቃችን አልወረደም ነበር። በሦስተኛው ዓመት እሱ የአምስት ቀን ፈቃድ ወሰደ፣ እኔም አለቃዬን ለምኜ ተከተልኩት። ሰሞኑን ለሠርጋቸው ሽር ጉድ የሚሉ ሁለት ወዳጆቼ «ባሕር ዳር ሄደን ምን እንይ?» ብለው ደወሉልኝ። ሳወራቸው አንድ ሰዓት ሞላ፣ ካርዳቸውም አለቀ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

ዋጋ አልጠቅስም። የያኔው ዋጋ ዛሬ ቢነገር ያስቃል። መንገዱንና ያካባቢውን ሁኔታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

እኔና ባሌ በጉዞ ነገር ሰማይና ምድር ነን። እሱ ዝርዝር ይጽፋል። ለሦስት ቀን ቆይታ አሥራ አራት ቦታ፣ በሰዓት የተከፋፈለ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት። ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከቶታል። ሽርሽር ሳይሆን ዘመቻ የሚሄድ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ውሃ ዳር ቁጭ ብዬ ቡና ብጠጣ ይበቃኝ ነበር።

ስንሄድ በአውቶቡስ፣ ስንመለስ በአውሮፕላን ነበር። መንገዱ ሰላም ከሆነ እናንተም እንዲህ ብታደርጉ እመክራለሁ። በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ወገብም ይቆርጣል። ግን ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ድልድዩ ከታች እንደ ክር ይታያል። ከዚያ ሽቅብ ወደ ደጀን። ያንን ሁሉ ገደል የቆፈረው ወንዝ በማግሥቱ ከጣና ጫፍ ኮሽታ ሳያሰማ ሲወጣ ታዩታላችሁ። በአውሮፕላን ብቻ የሄደ ሰው ይሄ ይቀርበታል።

የሆቴሉን ነገር በአጭሩ ልለፈው። «ሐይቁን የሚያይ ክፍል» ብለው በስልክ ያዙልን። መስኮቱን ስንከፍት የጎረቤት ግድግዳ አየን። ባሌ አንገቱን ሲያስግግ በግድግዳውና በውሃ ጋኑ መሃል አንድ ስንዝር ሐይቅ አገኘ። ከታች ደግሞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚጮህ ሙዚቃ ነበር። ክፍል ሳታዩ ቀድማችሁ አትክፈሉ። አጎበር መኖሩንም ጠይቁ፣ ወባ አለ።

ከተማዋን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ግማሽ ቀኑን ግን በእግር ወይም በብስክሌት አድርጉት። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የሚነዳው ሰው ብዛትም ሌላ ነው። ቀሚስ ለብሳ የምትነዳ ልጅ አይቼ ቀናሁ፤ ተከራየሁ፤ ሁለተኛው ዘንባባ ላይ ወደቅኩ። ጉልበቴ ላይ ያለው ምልክት ዛሬም አለ። መሃል ከተማ ባሕር ዳር ጊዮርጊስን ተሳለሙ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር ያለውን የእግር መንገድ ይዛችሁ ቀስ በሉ። ምሳ ዓሣ ነው እንግዲህ። ቆሮሶውን ሙሉውን የተጠበሰ እዘዙ እንጂ የተቆራረጠውን አትዘዙ። በእጅ፣ ከዳጣ ጋር፣ አጥንቱን እየለቀሙ ነው የሚበላው። ባሌ በሹካ ሊታገለው ሞክሮ አስተናጋጇ ስትስቅበት ተወው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ማታ ሆቴሉ በር ላይ አንድ ሰው ቀረበን። «ጠዋት ጀልባ አለ፣ አምስት ገዳም አሳያችኋለሁ» አለ። ባሌ ወረቀቱን አውጥቶ አመሳከረ፤ ሦስቱ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ተከራከርን፣ ከጠራው ግማሹን ያህል ላይ ተስማማን፣ ቀብድ ከፈልን። ሁለታችንም አንድ ጥያቄ አልጠየቅንም፦ ሴት የሚገባበት የትኛው ነው?

በጣና ላይ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት አሉ። ክብራን ገብርኤል አንዱ ነው። የዘርዐ ያዕቆብና የፋሲል ዐፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ። ይሄን የኦርቶዶክስ ልጅ ሆኜ በደንብ ማወቅ ነበረብኝ። ወሬውን ሰምቼዋለሁ፣ የትኛው ደሴት እንደሆነ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ሰውየው ደግሞ ሥራው ነውና በደንብ ያውቃል፤ አልተናገረም።

አንድ ሌላ የማይነገር ነገር አለ፣ እኔ ልናገረው። ባልና ሚስት ሆናችሁ ለሽርሽር ስትሄዱ ገዳም ካሰባችሁ ሌሊቱን አስቡበት። አብረው ያደሩ ባልና ሚስት በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይገቡም፤ ሥርዓቱ ነው። ለሴት ደግሞ የወር አበባም ይታሰባል። ጫጉላ ለሚወጡት ወዳጆቼ ይሄን ስነግራቸው ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገዳማቱን በደረሳችሁ ማግሥት አድርጓቸው፣ ደክሟችሁ ዝም ብላችሁ በምትተኙበት ሌሊት ማግሥት። ጢስ ዓባይና ከተማው ይቆይላችኋል። ለሴት ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ለሁለታችሁም በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ። ሱሪ አድርጌ እገባለሁ ብሎ ነገር የለም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ሐይቁ ተኝቷል ነው የሚባለው፣ እውነትም ተኝቷል። ፔሊካኖች ከዓሣ አጥማጆቹ ኋላ ይዋኛሉ። ክብራን ስንደርስ ድንጋይ የተደረደረበት ወደብ ላይ አንድ አባት ቆመው ጠበቁን። ባሌን «ይግቡ» አሉት። ወደ እኔ ዞር ብለው በትሕትና «እርስዎ እዚህ ይቆዩን» አሉኝ።

ባሌ አየኝ። አየሁት። «እንመለስ?» አለ። አነጋገሩን ግን አውቀዋለሁ፤ «አይ ግባ» በይኝ የሚል «እንመለስ» ነው። «ግባ» አልኩት። ገባ።

ተናድጄ ነበር። በአባቶች አይደለም፤ የኖሩበት ሥርዓታቸው ነው። ገንዘቤን ተቀብሎ ዝም ባለው ሰውዬ ነው። በራሴም ነው።

ጀልባ ነጂያችን ሃምሳውን ያለፉ ሰው ነበሩ። «እታለም፣ ፀሐዩ ሳይጠና ወዲህ ጥላው ሥር ተቀመጪ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ስላቸው ሳቁ። «ጋሼ ያዲሳባ ነው። አያ በይኝ።» አያ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያወራነው ነው ከጉዞው ሁሉ ሳይጠፋኝ የቀረው።

ወደቡ ዳር አንድ ታንኳ ቀጥ ብሎ በዛፍ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጫፉ ሹል፣ ሆዱ እንደ አልጋ ሰፊ። «ለምን ውሃ ላይ አይደለም?» አልኩ። «ጠጥቶ ነዋ!» አሉ። ታንኳ የሚሠራው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ እየተደረደረ ይታሰራል፤ ሚስማር የሚባል ነገር የለውም። ውሃ ላይ ሲቆይ ግን ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ይወጣና ፀሐይ ይመታዋል። እጄን ዘርግቼ ተጫንኩት። ገባ ብሎ ተመለሰ፣ እንደ አዲስ ፍራሽ። ጎኑ ገና እርጥብ ነበር፣ ሽታው የጨፌ ሣር ነው። ዕድሜው የወራት መሆኑን ስሰማ ደነገጥኩ። አያ ግን «የእንጨት ጀልባ ሲበሰብስ ታለቅሻለሽ። ይሄ ሲበሰብስ ሌላ ታጭጃለሽ» አሉ።

እንደተቀመጥን አንድ ታንኳ በፊታችን አለፈ። እንጨት ተቆልሎበታል፤ ሰውየው ኋላ ላይ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ ይቀዝፋል። ከዘጌ ወደ ከተማ ለገበያ ነው አሉ። ያ ሁሉ ጭነት ሣር ላይ! በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው የታንኳ ጌቶች ሲሉ ነገሩኝ፣ እሳቸውም የቀዘፋ ሀሁን የተማሩት ከነሱ ነው።

ስለ ነፋሱም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ይነሳል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይመጣና ማዕበሉ ይነሳል። «ባልሽ ካልመጣ ዛሬ እንታጠባለን» አሉ፣ ሰማዩን እያዩ። እግሬን ውሃ ውስጥ ልነክር ስል ደግሞ ከለከሉኝ። በሐይቁ ቢልሃርዝያ አለ። ዋና የምትወዱ ሰዎች ይሄን ያዙልኝ። ጉማሬም አለ፣ በተለይ ዓባይ በሚወጣበት በኩል። ሐይቁን ስለወረረው የእምቦጭ አረም ስጠይቃቸው ፊታቸው ጠቆረ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያሉ ዓሣ አጥማጅ ዘመዶቻቸው መረባቸውን መጣል ተቸግረዋል።

ባሌ ሲመጣ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ዐይኑ በርቷል። 12ቱን ዓምዶች፣ የብራና መጻሕፍቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ተመሥርቶ በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን እንደገና መሠራቱን አንድ ትንፋሽ ላይ ዘረገፈው። እኔም ታንኳውን ነገርኩት። «ይሄን ማን ነገረሽ?» አለ። «አያ» አልኩት። የቀናብኝ መሰለኝ።

ፊት ለፊት ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ይገባል። ዘጌም እንዲሁ። ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ልሳነ ምድር ነው፤ ጫካው ቡና ነው። በዘጌ በበሬ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም ገዝተውታል፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከእሳቸው ጸሎት የተገኘ ነው ይባላል። ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ነው። መንገዱ ዳር ግራና ቀኝ ሱቅ ነው። ትናንሽ የደንገል ታንኳ፣ ቆዳ ላይ የተሳለ ሥዕል፣ መስቀል። ልጆቹ ይከተላሉ። «ስመለስ» ካላችኋቸው ስትመለሱ ስማችሁን ጠርተው ይጠብቋችኋል፤ ቃላችሁን ጠብቁ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ከውጭ ስታዩት ብዙም አይገርምም። ጉልላቱ መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል አለ፤ በራፉ ላይ ደግሞ የድንጋይ ደወል ተሰቅሏል። ውስጥ ስትገቡ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤ ባዶ ቦታ የለም። አስጎብኚው ዲያቆን «ዐይናቸውን ቁጠሩ» አለን። ጻድቁ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዐይን አለው። ክፉው ወደ ጎን ዞሯል፣ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ብቻዬን ማንበብ ጀመርኩ። በላኤ ሰብእን አገኘሁት። 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ስለሰጠው ጥርኝ ውሃ ሲመዘን ተሥሏል። ሚዛኑ ሥር እመቤታችን ቆማለች። ሚዛኑን ያጋደለው ውሃው ይሁን ጥላዋ እያልን ከዲያቆኑ ጋር ተከራከርን። ዝርዝሩ ለዚህ ቦታ ሠላሳ ደቂቃ ይላል። ሁለት ሰዓት ቆየን። ባሌ ሰዓቱን ሲያይ ወደ ጎን ዞሮ ነበር። «አንድ ዐይንህ ብቻ ነው የሚታየኝ» አልኩት። ዲያቆኑ ሳቁን ሊውጥ አልቻለም።

ለዚያች ሁለት ሰዓት ግን ከፈልንባት። ወደ ጀልባው ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ሐይቁ ተነስቷል። አያ ምንም አላሉም፣ ዝም ብለው ሁለት የተንሳፋፊ ጃኬት ሰጡን። ጃኬቱ ከታች የጀልባው ሆድ ውስጥ ነበር። ጠዋት ሳንጠይቅ አልተሰጠንም። እናንተ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ልበሱትም። ለአንድ ሰዓት ያህል ውሃው ፊታችንን በጥፊ ሲለን መጣ። እኔ የቀመስኩትን ቡና ለጣና መለስኩለት። ባሕር ዳር ስንደርስ ባሌ ወደ ሸሚዙ ኪስ እጁን ሰደደ። ወረቀቱ ቀለሙ ፈሶ ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። ከአሥራ አራቱ ውስጥ የሚነበበው «ጢስ» የሚለው ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ እሰይ አላልኩም። አጠገቡ ስለሆንኩ፣ በልቤ ብቻ።

ስለዚህ በማግሥቱ ጢስ ዓባይ ብቻ ሄድን። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ግን ስላልተመቸ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትኬት ከቆረጣችሁ በኋላ በእግር ቁልቁል ወርዳችሁ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ድልድዩ ላይ ቁሙ፣ ወደ ታች እዩ። ዓባይ በዚያች ጠባብ የድንጋይ ጉሮሮ ይታነቃል። ከዚያ ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ተንሸራታች ነው። ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገ ሰው ይንሸራተታል፣ ተረከዝ ያደረገች ሴት ደግሞ የሚያነሳት ሰው ትፈልጋለች። ልጆቹ የሚያከራዩትን ዱላ አትናቁ።

ባሌ ከቤት ሲነሳ አንድ የአንድ ብር ኖት ይዞ ነበር። ያንን የልጁ ፊት ያለበትን። ጀርባው ላይ ወፎችና ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አሉ። ሁላችንም እያየነው አድገን፣ ምን እንደሆነ ልብ ያልነው ስንቶቻችን ነን? ፏፏቴው ፊት ቆመ፣ ብሯን በክንዱ ልክ ዘረጋ፣ አንድ ዐይኑን ጨፈነ፣ አስተካከለ። ብናኙ እየመጣ ብሯን አረጠባት። «ይመሳሰላል?» አልኩት። «ብሩ ላይ ድምፅ የለም» አለ። እንዲህ ያለ ነገር የማይወጣው ሰው ነውና አልረሳሁትም።

ጥቅምት ጥሩ ወር ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውሃው ሙሉ ነው፣ ምድሩም አደይ የለቀቀው አረንጓዴ ነው። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በክረምት ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ግን ያው አይሆንም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ አለ፣ ውሃ ይጠልፋል። በሚያዝያ ሄዶ ቀጭን ጅረት ያየ ጓደኛ አለኝ። ከመሄዳችሁ በፊት «ውሃው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻውን ማታ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ አሳለፍነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት እዚያ ነው፤ ወደ እሱ ካሜራ አታዙሩ። ዓባይ ግን ከሥር እየተጠማዘዘ ሲሄድ ይታያል። ያኔ አዲሱ ድልድይ አልነበረም። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ ድልድይ አሁን ለማታ እግር መንገድ ደስ ይላል ሲሉ እሰማለሁ።

ጊዜ የሌላችሁ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ያላችሁ ሰዎች፣ ሩቁን ተዉት። ጠዋት በማለዳ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አጭሩን ጀልባ ያዙ፣ ደብረ ማርያምን ተሳለሙ፣ ጉማሬ ከቀናችሁ እዩ፣ ለቡና ተመለሱ። ደብረ ማርያም ሴትም ይገባል። አንድ ሙሉ ቀን ካላችሁ ደግሞ፣ ነፋሱንም ካልፈራችሁ፣ ደቅ ደሴት ላይ ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ሂዱ፤ እኔም ልሂድ እያልኩ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። እሳቸውም ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። እዚያ ከወደብ የምትመለስ ሴት የለችም።

አውሮፕላን ማረፊያ የወሰደን ባጃጅ ዝርዝር የለኝም አለ። ባሌ ኪሱን ገለባበጠ፣ ያለውን ሰጠ። ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ፊቱ ተቀያየረ። ጢስ ዓባይ የረጠበችዋን አንድ ብር ነው ለባጃጁ የሰጠው።